ከግቢው ፊት የሚመላለስ ሰው

የንባብ ክፍል፦ አስቴር 2፥5-11



መጽሐፈ አስቴርን ስናነብ አብዛኞቻችን ቶሎ ወደ ምዕራፍ አራት እንሮጣለን። የሦስት ቀኑ ጾም፣ የተዘረጋው የንጉሥ ዘንግ፣ ሐማ ያስተከለው ግንድ፣ ለስብከት የሚመቸው ሁሉ ከዚያ ወዲያ ነው። በምዕራፍ ሁለት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የምናልፋት አንዲት አጭር ቁጥር አለች። አባትና እናቷ የሞቱባት አስቴር ወደ ንጉሡ ቤት ከተወሰደች በኋላ፣ እንደ ልጁ ያሳደጋት መርዶክዮስ በሴቶቹ ቤት ፊት ለፊት በየቀኑ ይመላለስ እንደነበረ ትነግረናለች። የሚመላለሰው ደኅና መሆኗንና የሚደርስባትን ለማወቅ ነበር።

ወደ ውስጥ መግባት አይፈቀድለትም። ይዟት ሊወጣም አይችልም። የሚችለው መምጣት፣ እንዴት አደረች ብሎ መጠየቅ፣ በማግስቱም ተመልሶ መምጣት ነው። ከዚህ በላይ ምንም አላደረገም፤ መንፈስ ቅዱስ ግን ይህንን ትንሽ ነገር ሳያስጽፍ አላለፈም።

እኛ ባልና ሚስት በሰሜን እንግሊዝ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንሠራለን፤ አንዳችን በቤተ መጻሕፍት፣ አንዳችን በአንድ የትምህርት ክፍል ጽሕፈት ቤት። ከዋናው ሥራችን ጎን ለጎን ሁለታችንም ሜንተሮች ነን። በልጅነታቸው በመንግሥት እንክብካቤ ሥር ላለፉና ከቤተሰባቸው ጋር ለተቆራረጡ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲው ከሠራተኞቹ መካከል በፈቃዱ የሚያገለግል አንድ ሰው ይመድባል። አገር ቤት ተማሪ ሁሉ ዩኒቨርሲቲውን "ግቢ" እንደሚለው፣ እኛም ስለዚህ አገልግሎት ስናስብ ከግቢ ፊት የሚመላለሰው ሰው ትዝ ይለናል። ጌታ በልባችን ያስቀመጠውን ሸክም ልናካፍላችሁ ወደድን።

እነዚህ ተማሪዎች እነማን ናቸው?

የመጀመሪያዎቹ፣ ለአጭር ጊዜም ይሁን ለረጅም፣ የአካባቢው አስተዳደር ማለትም ካውንስሉ በወላጅ ቦታ ሆኖ ያሳደጋቸው ናቸው። በማደጎ ቤተሰብ፣ ወይም በሕፃናት ማሳደጊያ፣ ወይም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ያደጉ። ብቻቸውን በረሃና ባሕር አቋርጠው የመጡ የኤርትራ፣ የሱዳንና የኢትዮጵያ ልጆችም በዚሁ ውስጥ አሉ፤ ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ያለ ወላጅ ወደዚህ አገር የገባን ልጅ የሚረከበው ካውንስሉ ነውና።

ሁለተኛዎቹ ከወላጆቻቸው ጋር ግንኙነታቸው ሙሉ በሙሉ የተቋረጠ ናቸው። አባትም እናትም በሕይወት አሉ፤ ስልክ ግን አይደወልም። ምክንያቱ ብዙ ነው፦ በቤት ውስጥ የደረሰ በደል፣ ያልፈለጉት ጋብቻ፣ የእንጀራ ወላጅ ጥል፣ የእምነት ለውጥ። ጌታን በመቀበሉ ከቤት የተባረረ ልጅ ታሪክ ለእኛ ለወንጌል አማኞች እንግዳ አይደለም።

በጉባኤያችን ለወላጅ አልባ ልጆች ስንጸልይ ኖረናል፤ መልካም ነው። ወላጅ እያለው ወላጅ ለሌለው ግን የጸሎት ርእስ የለንም። አባቶቻችን "አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ" ይላሉ። አባቱ እያለ ማጌጥ ያልቻለው ልጅ የት ይግባ? ዳዊት በመዝሙር 27፥10 ስለ ሞት አልተናገረም፤ አባትና እናት ስለሚተዉት ሰው ተናገረ፤ እግዚአብሔር ግን እንደሚቀበለው መሰከረ። እንግዲህ ይህ ሰው በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስፍራ አለው ማለት ነው።

የእንግሊዝ ሕግ ለመጀመሪያዎቹ የተወሰነ ከለላ ይሰጣል። ከእንክብካቤ የወጣ ወጣት እስከ 25 ዓመቱ ድረስ የግል አማካሪ ሊኖረው ይችላል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ካውንስሉ 2,000 ፓውንድ ይሰጠዋል፤ ትምህርት በሚዘጋበት ጊዜም ማደሪያ የማግኘት መብት አለው። ከወላጆቹ ጋር ለተቆራረጠው ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለም። የወላጆቹ ገቢ ሳይቆጠር ሙሉውን የኑሮ ብድር እንዲያገኝ፣ ከወላጆቹ ጋር እንደማይገናኝ ማስረዳት አለበት። ሁኔታውን ከሚያውቅ ባለሙያ፣ ለምሳሌ ከመምህር ወይም ከሶሻል ወርከር፣ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። አስቡት፤ የ18 ዓመት ልጅ እናቱ እንደማታናግረው በማስረጃ እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል።

የሜንተር ሥራ

ሥራው ቀላል ይመስላል። የግማሽ ቀን ሥልጠና እንወስዳለን፤ ከዚያ ከአንድ ተማሪ ጋር እንመደባለን። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በምሳ ሰዓት፣ ግቢው ውስጥ ሰው በሚያየን ካፌ እንገናኛለን። ደንቦቹ ግልጽ ናቸው፦ ገንዘብ አናበድርም፤ ወደ ቤታችን አንወስድም፤ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ "ምስጢር እንጠብቃለን" ብለን ቃል አንገባም። ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያም አይደለንም፤ የሚያስፈልገውን ወደሚረዳው ክፍል እናገናኛለን።

የምናወራውስ? ሌላው ተማሪ እናቱን ደውሎ የሚጠይቀውን ነው። የቤት ኪራይ ውል ምን ማለት እንደሆነ፣ ሐኪም ቤት እንዴት እንደሚመዘገቡ፣ ታሞ ፈተና ያመለጠው የትኛውን ቅጽ እንደሚሞላ፣ መምህርን በኢሜይል "አልገባኝም" ማለት ነውር እንዳልሆነ፣ ሹራብ በማጠቢያ ማሽን ውስጥ ለምን እንደሚሰበሰብ። አንድ ወጣት በመጀመሪያው ቀን ቡናውን ሳይነካ "ለዚህ ይከፈላችኋል?" ብሎ ጠየቀን። አይከፈለንም፣ የምሳ ሰዓታችን ነው አልነው። ዝም ብሎ ቆየና፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለ እርሱ የጠየቀው ሰው ሁሉ ደመወዝተኛ እንደነበረ ነገረን። ከእነርሱ ብዙዎቹ ደግ እንደነበሩም አልካደም። ነገር ግን ሥራ ሲለቅቁ እርሱንም ይለቅቁታል። ለእኛ ይህ ጥያቄ ትልቅ ትምህርት ቤት ሆነልን። ያ ወጣት የሚፈልገው ብልህ ምክር አልነበረም። በሚቀጥለው ወር በዚያው ወንበር ላይ የሚገኝ ሰው ነበር የሚፈልገው።

የዩኒቨርሲቲ መመዝገቢያ ቅጽ ላይ አንድ ክፍት ቦታ አለ፦ ድንገተኛ ነገር ቢደርስ የሚጠራ ሰው ስምና ስልክ። እኛና እናንተ ሳናስብ የምንሞላው ነው። እዚያ ቦታ ላይ ብዕሩን ይዞ የሚቆም ልጅ እንዳለ ያወቅነው በዚህ አገልግሎት ነው።

ዋስ የሌለው

ሁለተኛው ዓመት ሲመጣ ሌላ ፈተና ይመጣል። ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲው መኖሪያ ወጥተው ቤት ይከራያሉ፤ አከራዩም ዋስ ይጠይቃል። ኪራዩ ቢቀር የሚከፍል፣ በዚህ አገር የሚኖር፣ ገቢ ያለው ሰው። ለሌላው ተማሪ አባቱ ይፈርማል። ዋስ የሌለው የብዙ ወር ኪራይ አስቀድሞ እንዲከፍል ሲጠየቅ ኖሯል፤ ወይም ጓደኞቹ አብረውት ያዩትን ቤት ለሌላ ልጅ ይሰጣሉ።

ሜንተር ዋስ ሆኖ መፈረም አይፈቀድለትም፤ ምሳሌ ምዕራፍ 6ም ስለ ዋስትና የሚሰጠውን ብርቱ ማስጠንቀቂያ እናውቃለን። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ለእነዚህ ተማሪዎች ራሳቸው ዋስ ይሆናሉ። የእኛ ሥራ ያንን ቅጽ ፈልጎ ማግኘት፣ ቀኑ ሳያልፍ አብሮ መሙላት ነው። ያን ቀን ማታ ቤታችን ስንገባ ዘፍጥረት 43ን አነበብን። ይሁዳ ለወንድሙ ለብንያም በአባቱ ፊት ዋስ ሆነ። በዕብራውያን 7፥22 ደግሞ ከይሁዳ ነገድ የወጣው ጌታችን የተሻለው ኪዳን ዋስ ተብሏል። ዕዳችንን ሊከፍል ስሙን ያስቀመጠልን እርሱ ነው። እኛ ዋስ ያለን ሰዎች ነን፤ ስለዚህም ዋስ የሌለውን ሰው ነገር እንዴት ቸል እንላለን?

ስሙ "ለምን" የሆነ ሰው

ይህ ጉዳይ የፈረንጆች ብቻ የሚመስለው ቢኖር የለምን ሲሳይን ታሪክ ያስታውስ። እናቱ በ1960ዎቹ ከኢትዮጵያ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ የመጣች ወጣት ነበረች። በ1967 ወለደችው፤ ልጁም ኖርማን የሚል ስም ተሰጥቶት ለማደጎ ቤተሰብ ተሰጠ። አሳዳጊዎቹ አጥባቂ ባፕቲስቶች ነበሩ። 12 ዓመት ሲሆነው ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ መለሱት፤ እስኪጎለምስም ከአንዱ ማሳደጊያ ወደ ሌላው ተዘዋወረ። ከዚያ ሲወጣ የልደት ወረቀቱን አየ፤ እውነተኛ ስሙ ለምን ነበር። እናቱ ልጇ እንዲመለስላት የጻፈችው ደብዳቤም በመዝገቡ ውስጥ ተገኘ። ቋንቋችንን ለሚያውቅ ሰው ይህ ስም ራሱ ጥያቄ ነው።

ለምን ሲሳይ ታዋቂ ባለቅኔ ሆነ፤ ከ2015 እስከ 2022ም የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ነበር። ቤት ያልነበረው ልጅ የዩኒቨርሲቲ አለቃ ሆኖ ለሌሎች ልጆች ዲግሪ ሰጠ። በ2013ም በማንቸስተር ከእንክብካቤ ለወጡ ወጣቶች የገና ቀን ምሳ ጀመረ፤ ነገሩም ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። የእኛ ወገን የሆነች እናት ልጅ ነው ይህንን ያደረገው። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን አማኞችን የሚመለከት ሐዘንም አለ፦ ጸሎት የሚጸለይበት ቤት ልጅን ለዘላለም ያቀፈ ቤት ላይሆን ይችላል።

"ታዲያ ወንጌሉስ?"

ቅዱሳን ስለዚህ አገልግሎት ሲሰሙ ቶሎ የሚያነሡት ጥያቄ ይህ ነው። በሜንተርነት ሰዓት አንሰብክም፤ ደንቡም አይፈቅድም። እኛም ደንቡ ትክክል ነው ብለን እናምናለን። እነዚህ ልጆች ትልልቅ ሰዎች በእጃቸው ስጦታ፣ በኪሳቸው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይዘው ሲመጡ አይተዋል። የፍቅራችን ዋጋ እምነታችንን መቀበል እንደሆነ ከመሰላቸው ወንጌሉን ራሱን አጣምመንባቸዋል፤ ጸጋ ያለ ዋጋ ነውና። ተማሪው ራሱ "ለምን ይህን ታደርጋላችሁ?" ብሎ ከጠየቀ ግን 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 እንደሚያዝዘን በየዋህነት እንመልሳለን፤ አንዋሽም፣ አንደብቅም።

በመጽሐፈ አስቴር ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አንድም ጊዜ እንዳልተጻፈ ልብ ብላችኋል? እጁ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይታያል።

አንዲት እናት

አሁን ከሁሉ የከበደንን እንንገራችሁ።

ከሌላ ከተማ አንዲት እናት ደወሉልን። ስልካችንን ያገኙት በአገልጋዮች በኩል ነበር። ልጃቸው ከቤት ከወጣች ብዙ ጊዜ ሆኗታል፤ እኛ በምንሠራበት ዩኒቨርሲቲ ትማራለች የሚል ወሬ ሰምተዋል። "እዚያ መሆኗን ብቻ ንገሩኝ፤ ሌላ አልጠይቅም" አሉን። ቀጥለውም "ትበላለች ወይ?" አሉ።

አዎን ማለትም አይደለም ማለትም አልቻልንም። በአገሩ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ምክንያት ዩኒቨርሲቲው ያለ ተማሪው ፈቃድ ስለ እርሱ ለወላጅ እንኳ በተለምዶ አይናገርም። ለእናቲቱ ያልመለስነውን እዚህም አንመልሰውም፤ አንባቢዎቻችን ይህን ይረዱልናል። የነገርናቸው አንድ መንገድ ብቻ ነው፦ መልእክት ጽፈው ለተማሪዎች ድጋፍ ክፍል ቢልኩ፣ እንዲህ ያለች ተማሪ ካለች ይደርሳታል፤ መልስ መስጠትና አለመስጠት የእርሷ ፈቃድ ነው። እናቲቱ አለቀሱ። በስልክ አብረን ጸለይን።

ከዚያ ሽማግሌዎች መጡብን። "እናንተ ውስጥ ናችሁ፤ ልጅቷን አምጧት፣ እናስታርቃቸው" አሉ። የእኛ ሕዝብ ሽምግልና ትልቅ ሀብት ነው፤ ብዙ ቤት አቁሟል። ሆኖም ሽምግልና የሚጀምረው ሁለቱም ወገን ሲቀመጡ ነው። አንዱን ወገን ፈልጎ፣ አድራሻውን ገልጦ፣ ተገድዶ እንዲቀመጥ ማድረግ እርቅ አይደለም። አንድ ልጅ ከቤቱ የወጣበትን ምክንያት እኛ አናውቅም፤ ቤቱ ለእርሱ የሞት ቤት ሆኖ እንደሆነስ?

"አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝስ?" አሉን። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ትእዛዙም አልተሻረም። ግን ዮሴፍን እንመልከት። ወንድሞቹ ሸጡት። በግብፅ ከከበረ በኋላ፣ ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እስኪያልፉ ድረስ ወደ ከነዓን መልእክተኛ እንደ ላከ አልተጻፈም፤ ሥልጣንም ሠረገላም ነበረው። የበኩር ልጁንም ምናሴ አለው፤ እግዚአብሔር የአባቱን ቤት እንዳስረሳው ሲናገር። መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ አይወቅሰውም። ወንድሞቹ በፊቱ ሲቆሙ እንኳ ወዲያው ራሱን አልገለጠም። ይሁዳ ስለ ብንያም ራሱን ባሪያ አድርጎ ለመስጠት እስኪቀርብ፣ ማለትም የሸጠው ወንድም መለወጡ እስኪታይ ድረስ ቆየ። ከዚያ በኋላ አለቀሰ፤ የመጀመሪያ ጥያቄውም አባቱ በሕይወት ስለመኖሩ ነበር። ፍቅሩ አልሞተም ነበር፤ እርቁ ግን በጊዜው መጣ።

ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ እንዲህ አልናቸው፦ ልጅቷ ባለችበት እግዚአብሔር ይጠብቃት፤ እናንተ እናቲቱን ጠብቁ። እሁድ ብቻቸውን እንዳይቀመጡ። ያም ሆነ።

እናቲቱ አሁንም አልፎ አልፎ ይደውላሉ። ስለ ልጃቸው መጠየቅ ትተዋል፤ "ልጆቹ እንዴት ናቸው?" ይላሉ፤ ሁሉንም ማለታቸው ነው። መልእክታቸው መልስ አግኝቶ ይሁን አይሁን አንጠይቅም። እኚህ እናት መርዶክዮስ ለመሆን ይናፍቃሉ፤ ከየትኛው ግቢ ፊት እንደሚመላለሱ ግን አያውቁም። እኛ የምናገለግላት እያንዳንዷ ልጅ ደግሞ የአንዲት እናት ልጅ ናት። ከተማሪ ጋር ስንቀመጥ እኚህን እናት እናስባለን፤ እኚህን እናት ስናናግር ተማሪዎቹን እናስባለን። ሁለቱን በአንድ ጸሎት መያዝ ከባድ ነው፤ አንዱን ጥሎ ሌላውን መያዝ ግን አልተፈቀደልንም።

ቤተ ክርስቲያን ምን ማድረግ ትችላለች?

አንደኛ፣ ገና። እዚህ አገር በዲሴምበር 25 ባቡር የለም፤ አውቶቡስም ከሞላ ጎደል የለም። ግቢው ጭር ይላል። ለእኛ ደግሞ የአገራችን ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ ስለዚህ ያ ቀን ለብዙዎቻችን ባዶ ነው። ጉባኤያችን በዚያ ቀን አዳራሹን ከፍቶ በግቢ ለቀሩ ተማሪዎች ሁሉ ምሳ ያዘጋጃል። ጥሪውን የሚያስተላልፈው የዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ክፍል ነው፤ መኪና ያላቸው ወንድሞች ያመላልሳሉ። ማንም "ቤተሰብህ የት ነው?" ብሎ አይጠይቅም። ዶሮ ወጥ በፈረንጅ ድንችም ይበላል።

ሁለተኛ፣ በዩኒቨርሲቲ የምትሠሩ ወገኖች፣ በጽዳትም በጥበቃም በአስተዳደርም ብትሆኑ፣ መሥሪያ ቤታችሁ የሜንተር ፕሮግራም እንዳለው ጠይቁ። ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። አዘውትሮ መገኘት ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ማደጎን አስቡ። ካውንስሎች አሳዳጊ ቤተሰብ ይፈልጋሉ፤ ቋንቋችንን የሚናገር ልጅ ቋንቋውን በሚያውቅ ቤት ቢያድግ ትልቅ በረከት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ልጁና አሳዳጊው ከተስማሙ እስከ 21 ዓመቱ ድረስ በዚያው ቤት መቆየት ይችላል።

አራተኛ፣ ለእናቶች ቀንና ለአባቶች ቀን ስትሰብኩ በጉባኤው መካከል የተቀመጠውን ይህን ልጅ አትርሱት። አንድ ዓረፍተ ነገር ጸሎት ይበቃዋል።

አምስተኛ፣ ምረቃ። ተመራቂው ለእንግዳ የሚሰጠው ወረቀት አለው። ያ ቡናውን ሳይነካ የጠየቀን ወጣት አንደኛውን ለማደጎ እናቱ፣ ሁለተኛውን ለእኛ ሰጠ። ስሙ ሲጠራ አዳራሹ ውስጥ እልል ያለ ሰው ነበር፤ ፈረንጆቹ ዞረው አዩን።

ይህን ጽሑፍ የምታነብ አንተ፣ የምታነቢ አንቺ፣ ራሳችሁ ያ ልጅ ከሆናችሁ፣ በመዝሙር 68፥5-6 የተነገረው አምላክ ብቸኞችን በቤት ያኖራል። ያ ቤት ምናልባት ከለቀቃችሁት የተለየ ይሆናል። ማንም አስገድዶ ሊመልሳችሁ አይላክም። ዩኒቨርሲቲያችሁን ስለ ድጋፉ ጠይቁ፤ በማመልከቻው ላይ ያለውን ሣጥን ምልክት ማድረግ አያሳፍርም። ብቻችሁን አትሁኑ።

እንጸልይ፦ የሰማይ አባታችን ሆይ፣ አባት ላጡትም፣ አባት እያላቸው ለራቁትም አንተ አባት ነህ። ልጆቻቸው የት እንዳሉ ለማያውቁ እናቶች ሌሊቱን አሳጥርላቸው። ቤት ያስፈራቸውን ልጆች ጠብቃቸው። እርቅ በጊዜህ ይምጣ፤ እስከዚያም ድረስ ከግቢው ፊት የሚመላለስ ሰው አታሳጣቸው። እኛንም በዚያ ስፍራ ታማኞች አድርገን። ዋሳችን በሆነው በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ተባረኩ።